ስሙ «ኢኤክስኢ» ስለሆነ ብቻ አይሄድም፦ ሁለት አሮጌ ፕሮግራሞችን ወደ ሊኑክስ ያሻገርኩበት ተሞክሮ

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደሴ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የንግድ ድርጅት ኮምፒውተሮቹን እንዳድስለት ጠራኝ። ያገለገሉ አራት ላፕቶፖች ገዝቶ ነበር፤ ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረና በፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስም ቢሮውን ከዓመት እስከ ዓመት ሲያምሰው ስለኖረ፣ በሁሉም ላይ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች አንዱ) እንዲጫን ተስማማን። የጽሑፍና የሰንጠረዥ ሥራው፣ ኢንተርኔቱም ጭምር በግማሽ ቀን ተጠናቀቀ። የቀሩት ከአንድ አሮጌ ባለ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የደመወዝ ማስሊያ፣ ሌላው የዕቃ ግምጃ ቤቱ መዝገብ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ «ልጄ፣ ይህን የሠራው ልጅ ውጭ አገር ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ብታበላሸው የምንጠራው ሰው የለንም» አሉኝ። እኔም «እትዬ፣ አያስቡ፤ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው» ብዬ መለስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

የፈጀው ሥራው ከባድ ስለነበረ አይደለም፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ስለጠየቅኩ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚገጥማችሁ ባለሙያዎችም ሆናችሁ የራሳችሁን ፕሮግራም ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማዛወር የምትፈልጉ ሰዎች ያን ሦስት ሳምንት ድጋሚ እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉ ስሕተት ነበር። የደመወዙን ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጬ ኡቡንቱው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግኩት፤ ኡቡንቱ የታመቀ ማኅደር መስሎት በማኅደር መክፈቻው ሊከፍተው ሞከረና መክፈት አልቻልኩም አለኝ። የፋይሉን የስም ቅጥያ፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ያለውን «ኢኤክስኢ» የሚለውን፣ አጠፋሁና የመፈጸም ፈቃድ ሰጥቼ ከተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ጠራሁት፤ አሁን ደግሞ «ይህን ባይነሪ ፋይል መፈጸም አይቻልም፤ የቅርጸት ስሕተት» የሚል መልስ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ የዊንዶውስ ፕሮግራምን ወደ ሊኑክስ የሚቀይር መቀየሪያ ስፈልግ አደርኩ። ምስልን ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ፣ ቪዲዮን ወደ ድምፅ መቀየር የለመደ ሰው ፕሮግራምም እንደዚያው ይቀየራል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለ መቀየሪያ የለም፤ አለኝ የሚል ድረ ገጽ ካገኛችሁም የሚያወርድላችሁ ነገር ቫይረስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ እንዳትነኩት።

መቀየሪያው የሌለበትን ምክንያት ለመረዳት ተፈጻሚ ፋይል (ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚያስኬደው የፕሮግራም ፋይል) ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ን ያውቃል፤ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ምን እንደመጣ፣ ስንት እንደሆነና ከማን እንደመጣ የሚመዘገብበት የገቢ ደረሰኝ ነው። ተፈጻሚ ፋይልም ከፊቱ እንዲህ ያለ ሰነድ ይዟል፤ የትኛው የፋይሉ ክፍል በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) የት ቦታ እንደሚራገፍ፣ የትኛው ክፍል የሚነበብ ብቻ እንደሆነና የትኛው እንደሚጻፍበት፣ ሥራው ከየትኛው ነጥብ እንደሚጀመር፣ ከሌላ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ ከሚጠቀሙበት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) የሚፈለጉት ተግባራት የትኞቹ እንደሆኑ ተዘርዝሮ ይገኛል። ዊንዶውስ የራሱን ደረሰኝ ብቻ ያነባል፤ ሊኑክስም የራሱን፤ ማክም የራሱን። ይሁን እንጂ ደረሰኙን ወደ ሌላው ቅጽ መገልበጥ ብቻውን ችግሩን አይፈታውም፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ትእዛዝ የተጻፈው ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው፤ መስኮት ለመክፈት ወይም ፋይል ለማንበብ ሲፈልግም የሚጠራው የዚያኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አገልግሎት ነው። እንግዲህ አንድ ፋይል አልሄድ ሲል እንቅፋቱ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው፤ በቅርጸቱ፣ በፕሮሰሰሩ፣ ወይም በሚጠራቸው አገልግሎቶችና ላይብረሪዎች። እኔ ሌሊቱን ያባከንኩት ከሦስቱ በየትኛው እንደተያዝኩ ሳላውቅ ነው።

ማወቂያው ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የተለየ መሣሪያ እንኳ አያስፈልጋችሁም። ፋይሉን ቅጂ አድርጉና ቅጂውን በኖትፓድ ክፈቱት። አብዛኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው፤ መጀመሪያው ላይ ግን ሁለት የላቲን ፊደሎች ታያላችሁ፤ «ኤም» እና «ዜድ»። እነዚህ ለዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የተፈጻሚ ፋይልን ቅርጸት የነደፈው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የማርክ ዝቢኮቭስኪ ስም መነሻ ፊደሎች ናቸው፤ ዛሬ በዊንዶውስ 11 ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ሁሉ ሳይቀር የእኚህን ሰው ፊርማ ይዞ ይዞራል። ጥቂት ወረድ ስትሉ «ይህ ፕሮግራም በዶስ ሊሠራ አይችልም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፤ ይህም አንድ ሰው ፋይሉን በአሮጌ ዶስ ላይ ቢያስነሳው ያንን መልእክት ብቻ አሳይቶ የሚያቆም ትንሽ የዶስ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በታች «ፒ» እና «ኢ» የሚሉ ፊደሎች ካሉ ፋይሉ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር የመጣው ቅርጸት ነው። ከሁለቱ ፊደሎች ቀጥሎ፣ ከሁለት ባዶ ቦታዎች በኋላ፣ ትልቁ የላቲን «ኤል» ከተከተለ ፕሮግራሙ 32 ቢት ነው (ቢቱ ፕሮግራሙ የተሠራለት ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ የሚያነሣው የመረጃ ስፋት ነው)፤ ትንሹ «ዲ» እና አጠገቡ የመስቀል ምልክት ከተከተሉ 64 ቢት ነው። በ«ፒኢ» ፈንታ «ኤን» እና «ኢ» ካያችሁ ለዊንዶውስ 3 ዘመን የተሠራ የ16 ቢት ፕሮግራም ነው። «ኤምዜድ» ብቻ ኖሮ ሌላው ሁሉ ከሌለ ደግሞ ንጹሕ የዶስ ፕሮግራም በእጃችሁ ይዛችኋል።

ሊኑክስ ላይ «ፋይል» የምትባለው ትንሽ የተርሚናል ትእዛዝ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ትነግራችኋለች። የሊኑክስ ፕሮግራሞች ቅርጸት ኤልፍ ይባላል፤ የመጀመሪያው ባይት ቁጥር 127 ሲሆን ቀጣዮቹ ሦስቱ «ኢ»፣ «ኤል»፣ «ኤፍ» የሚሉት ፊደሎች ናቸው። አምስተኛው ባይት 1 ከሆነ 32 ቢት፣ 2 ከሆነ 64 ቢት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ብዙም ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። በሀገራችን ኢንተርኔት ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች በፍላሽ ሲዛመት የኖረውና የፎልደር መልክ ይዞ የሚመጣው ቫይረስ ሰውን ያታልል የነበረው በዚሁ ቅርጸት ባሕርይ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ምልክቱን፣ ማለትም አይከኑን፣ በራሱ ሆድ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ስለዚህ ቫይረሱን የሠራው ሰው ቢጫውን የፎልደር ሥዕል ውስጡ ሲያስቀምጥለት፣ ዊንዶውስ ደግሞ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን አስቀድሞ ስለሚደብቅ፣ ፋይሉ ለዓይን ከፎልደር አይለይም ነበር። የቢሮው ሠራተኞች ይህን እንዲያዩ አንዱን ቅጂ ሊኑክስ ላይ ሆኜ በጽሑፍ መክፈቻ ከፈትኩላቸውና «ኤምዜድ» የሚለውን አሳየኋቸው። ፎልደር የመጀመሪያ ፊደል የለውም፤ ይህ ግን አለው። ከማስጠንቀቂያ ሁሉ ይልቅ ይህች ማሳያ ገብታቸዋለች።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ሁለቱን ፋይሎች በዚህ መንገድ ስመረምር የደመወዙ ፕሮግራም 32 ቢት የዊንዶውስ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ የዕቃ መዝገቡ ግን ክሊፐር በሚባል የዶስ ዘመን የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፈ የ16 ቢት የዶስ ፕሮግራም ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቅጥያ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የኖሩት ሁለቱ ፕሮግራሞች በጭራሽ የማይዛመዱ ነበሩ፤ አንድ መፍትሔ ለሁለቱም እፈልግ ስለነበር ነው አንዱም ያልያዘልኝ። ዊንዶውስ 11 ብጭንም ኖሮ የዕቃ መዝገቡ አይሄድም ነበር፤ 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራሞችን አያስኬድም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። አሮጌው ኤክስፒ ሁለቱንም ያስኬድ የነበረው 32 ቢት ስለሆነና የዶስን ዓለም የሚያስመስል ክፍል በውስጡ ስለነበረ ነው።

ለደመወዙ የመረጥኩት ዋይንን ነበር። ዋይን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ሲሆን፣ ገንቢዎቹ በስሙ ውስጥ እንዳስቀመጡት አስመሳይ ፕሮሰሰር አይደለም፤ የዊንዶውስን ፋይል ቅርጸት አንብቦ በማስታወሻ ላይ ያራግፈዋል፣ ፕሮግራሙ የዊንዶውስን አገልግሎት ሲጠራ ደግሞ ዋይን ራሱ እንደገና በጻፋቸው ላይብረሪዎች በኩል ጥሪውን ወደ ሊኑክስ አገልግሎት ያሻግረዋል። ትእዛዞቹ ግን በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ላፕቶፑም አሮጌው ኮምፒውተርም የኢንቴል ቤተሰብ ፕሮሰሰር ስላላቸው በዚህ በኩል እንቅፋት አልነበረም።

ዋይንን ጫንኩና ፕሮግራሙን ጠራሁት፤ የ32 ቢቱ የዋይን ክፍል እንደጎደለና እንድጭነው የሚነግር መልእክት መጣ። 64 ቢቱ ኡቡንቱ የ32 ቢት ላይብረሪዎችን ካልጠየቁት አይጭንም፤ የ32 ቢት አርክቴክቸርን እንዲቀበል በፓኬጅ አስተዳዳሪው ከነገርኩት በኋላ ክፍሉ ተጫነ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ የቪዥዋል ቤዚክ 6 ማስኬጃ ላይብረሪ እንደጎደለው ተናገረ። ቪዥዋል ቤዚክ 6 እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው፤ በእሱ የተጻፉ ፕሮግራሞች ያለዚህ ላይብረሪ አይነሡም፤ ዊንዶውስ ይዞት ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም እንጂ ዋይን ግን የለውም። ዋይንትሪክስ በሚባለው ረዳት መሣሪያ ጫንኩት። በዚህ ጊዜ መስኮቱ ተከፈተ፤ ልቤም ተከፈተ። ሰንጠረዡ ያለበትን ገጽ ስነካው ግን አንድ መቆጣጠሪያ አልተመዘገበም ብሎ ወደቀ፤ ያን ፋይል ከአሮጌው ኮምፒውተር ቀድቼ አስመዘገብኩ። ከዚያ የአክሰስ ዳታቤዝ መክፈቻው ጎደለ፤ እሱም ተጫነ። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ሄዷል። በእያንዳንዱ ውድቀት ተስፋ ብቆርጥም አሁን ዞር ብዬ ሳየው መንገዱ ትክክለኛ ነበር፤ ቅርጸቱና ፕሮሰሰሩ ከተስማሙ የቀረው ላይብረሪ ነው፣ ላይብረሪም አንድ በአንድ ይሞላል።

በመጨረሻ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ተከፈተ፤ የታየው ግን አማርኛ ሳይሆን ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ክምር ነው። እትዬ ከኋላዬ ቆመው «ይኸው፣ ጠፋ!» አሉ። አልጠፋም ነበር። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደሎች በቁጥር ወደሚመዘግበው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ፎንቶች የኛን ፊደል ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ፊደሎች ቁጥር ላይ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያከማቸው ያንን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥቼ ዋይን በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ በፈጠረው የዊንዶውስ ፎንቶች ፎልደር ውስጥ ከጨመርኩት በኋላ ስሞቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። እትዬ የራሳቸውን ስም በጣታቸው ነክተው አነበቡት።

ፕሮግራሙ ተከፈተ ማለት ግን ትክክል ሠራ ማለት አይደለም። ዋይን የቀንና የቁጥር አጻጻፍን ከሊኑክሱ የቋንቋ ቅንብር ስለሚወስድ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር ቀን በፊት ወር በኋላ የነበረው በአዲሱ ተገልብጦ ነበር፤ ይህን ያወቅነው ያለፈውን ወር ደመወዝ እንደገና አስልተን ከታተመው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ስናስተያይ ነው። ቅንብሩን ለማስተካከል አምስት ደቂቃ በቃን፤ ሳናየው ቢያልፍ ኖሮ ግን የትርፍ ሰዓቱ ሒሳብ ሁሉ በተሳሳተ ወር ላይ ይቀመጥ ነበር። ከዚህም ሌላ በዋይን ውስጥ የሚሄድ ፕሮግራም የተጠቃሚውን ፋይሎች መድረስ እንደሚችል አትርሱ፤ የዊንዶውስ ቫይረስም በዋይን ቢነሣ ሰነዶችን ሊያበላሽ ይችላል። ደግሞ ዋይን የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር ለሚፈልግ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ የሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ ለሚጠይቅ ሶፍትዌር፣ አይመከርም፤ ለእንዲህ ያለው በቨርቹዋል ማሽን፣ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር፣ ላይ ሙሉውን አሮጌ ዊንዶውስ መጫን ይሻላል።

የዕቃ መዝገቡ ሌላ መንገድ ያስፈልገው ነበር። የዶስ ፕሮግራም ከኦፐሬቲንግ ሲስተም አገልግሎት ይልቅ ሃርድዌሩን ራሱን መንካት ስለሚወድ፣ መፍትሔው ኮምፒውተሩን በሙሉ ማስመሰል ነው፤ ዶስቦክስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ የዘመኑን ፕሮሰሰር፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን በሶፍትዌር ይፈጥራል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊው ገጽ ከነነጭ ክፈፉ ወጣ። አንዲት መሰናክል ነበረችኝ፤ መረጃውን ላሳምር ብዬ በአማርኛ ስም በሰየምኩት ንዑስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር ፕሮግራሙ ሊያገኘው አልቻለም። ዶስ የሚያውቀው ስምንት ፊደል ስምና ሦስት ፊደል ቅጥያ ነው፤ ስሙን ወደ አጭር የላቲን ፊደል መለስኩት።

ከባዱ ማተሙ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያትመው በቀጥታ አሮጌ ፕሪንተሮች ይሰኩበት ወደነበረው ፓራለል ፖርት በመላክ ነው፤ መሠረታዊው ዶስቦክስ ደግሞ ይህን ፖርት አያስመስልም። ሁለት ቀን ቅንብር ስጎረጉር ከቆየሁ በኋላ ነው ከዶስቦክስ የተወለደውን ዶስቦክስ ኤክስን ያገኘሁት፤ እሱ ፖርቱን ያስመስላል፣ ወደ ፖርቱ የሚላከውንም በፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ያን ፋይል ሊኑክሱ ምንም ሳይነካው እንዳለ ወደ ፕሪንተሩ እንዲያስተላልፈው አደረግኩ። «ምንም ሳይነካው» ማለቴ ዋናው ነጥብ ነው፤ በሪፖርቱ መነሻ ላይ ሪቦን የሚመታውን ፕሪንተር ወደ ጠባብ ፊደል የሚያስገባ ቁጥር 15 የሆነ አንድ ባይት አለ፤ ሊኑክሱ ጽሑፉን እንደ ተራ ሰነድ አሰናድቶ ከላከው ያ ባይት ይጠፋል፣ ሰፊው ሰንጠረዥም ከወረቀቱ ይወጣል።

እዚሁ ሥራ ላይ ሳለሁ የገጠሙኝን ሁለት የሊኑክስ የራሱ እንቆቅልሾችም ልንገራችሁ፤ ሰው አለመጣጣም የዊንዶውስና የሊኑክስ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋልና። ድርጅቱ ኮምቦልቻ ባለው ቅርንጫፉ አንድ ኡቡንቱ 18.04 የተጫነበት ኮምፒውተር ነበረው። እዚያ ለሊኑክስ የተሠራ አንድ የፕሪንተር ማስተካከያ ፕሮግራም ስጠራ ተርሚናሉ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። ፋይሉ ግን አለ፤ ዝርዝሩ ላይ አየዋለሁ፣ መጠኑን አየዋለሁ፣ ፈቃዱም ትክክል ነው። ግማሽ ቀን ራሴን ከተጠራጠርኩ በኋላ «ፋይል» የምትባለዋን ትእዛዝ ስጠይቃት 32 ቢት መሆኑን ነገረችኝ። አብዛኛው የኤልፍ ፋይል በውስጡ ላይብረሪዎቹን የሚሰበስብለትን የሌላ ፕሮግራም አድራሻ ይዟል፤ የ32 ቢቱ ሰብሳቢ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ከርነሉ «ፋይል የለም» ያለው ስለ እሱ ነው እንጂ እኔ ስለጠራሁት አይደለም። የ32 ቢቱን የሲ ላይብረሪ ስጭን ችግሩ ተፈታ። ይህን መልእክት ዓይናችሁ ፊት ስላለ ፋይል ካያችሁት መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንኑ ይሁን።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። የዕቃ መዝገቡን መረጃ ወደ ሰንጠረዥ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ በላፕቶፔ ላይ፣ በኡቡንቱ 22.04፣ ኮምፓይል አደረግኩት፤ ማለትም ወደ ተፈጻሚ ፋይል ለወጥኩት። ኮምቦልቻ ስወስደው የሲ ላይብረሪ 2.34 አልተገኘም ብሎ ቆመ። 22.04 የሚይዘው 2.35ን ነው፤ 18.04 ግን 2.27ን። ሁለቱም ኡቡንቱ፣ ሁለቱም 64 ቢት፣ ሁለቱም ኤልፍ ናቸው፤ ሆኖም በአዲሱ ላይ የተሠራው በአሮጌው አይሄድም። ግልባጩ ግን ይሠራል፤ ላይብረሪው የቀድሞ ተግባራቱን ጠብቆ ስለሚያቆይ በአሮጌው ላይ የተሠራው በአዲሱ ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮግራም የምታድሉ ሰዎች ልትደግፉት ካሰባችሁት ሁሉ አሮጌ በሆነው ሲስተም ላይ ኮምፓይል አድርጉ። እኔም ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጬ እንደገና ሠራሁት፤ በሁለቱም ሄደ።

በዚያው ሰሞን ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣው የአጎቴ ልጅ ይህን ፕሮግራም አይቶ ኤም 1 ፕሮሰሰር ባለው ማክ ላይ ሊሞክረው ፈለገ። «ማክም ከዩኒክስ የመጣ ነው ስትሉ እሰማለሁ፤ እንግዲያው ለምን አይሄድም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ሊኑክስም በዩኒክስ፣ በቀድሞው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ አምሳያ የተሠራ ነውና። የማክ ቅርጸት ማክ-ኦ ይባላል፤ ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ያቋቋመው የኔክስት ቅርስ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ቤተሰብም ሌላ፣ አርም ነው። ተፈጻሚው ፋይል በሁለቱም በኩል አልተስማማም። ምንጩን፣ ማለትም የጻፍኩትን ኮድ፣ ስሰጠው ግን አንድ ፊደል ሳይቀየር በማኩ ላይ ኮምፓይል ሆኖ ሠራ። የዩኒክስ ዝምድና የሚታየው በምንጩ ላይ ነው፤ በተፈጻሚው ፋይል ላይ አይደለም። አፕል ፕሮሰሰር በቀየረ ቁጥር ሁለት ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ፋይል የሚጠቀልል ቅርጸት ይጠቀማል፤ ለኢንቴል የተሠሩ የማክ ፕሮግራሞችንም ሮዜታ 2 እየተረጎመ ያስኬድለታል። ነገሩ ዘላለማዊ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሮዜታ እ.ኤ.አ. በ2006 መጥቶ በ2011 ቀርቷል፤ 32 ቢት የማክ ፕሮግራሞችም በ2019 ተሰናብተዋል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ፕሮግራም አሠርተው ለሚወስዱ ድርጅቶች አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ በውሉ ላይ ምንጩ እንዲሰጣችሁ አስጽፉ። ተፈጻሚውን ፋይል ብቻ የተቀበለ ድርጅት የዚያን ዓመት ፕሮሰሰርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አብሮ ተቀብሏል። የደሴው ድርጅት ምንጩ በእጁ ቢሆን ኖሮ የዕቃ መዝገቡ ክሊፐርን በሚረዳው ሃርበር በሚባል ነፃ ኮምፓይለር ለሊኑክስ እንደገና ሊሠራ ይችል ነበር፤ ዶስቦክስም ባላስፈለገ። ስልክም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ በቴሌግራም የሚላክ የአንድሮይድ ኤፒኬ ፋይል «አልተጫነም» ሲላችሁ አንዱ ምክንያት በውስጡ ያለው የኤልፍ ላይብረሪ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ መሆኑ ነው፤ ኤፒኬ ራሱ የዚፕ ማኅደር ስለሆነ በኮምፒውተር ከፍታችሁ ለየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ፎልደር እንዳለው ማየት ትችላላችሁ።

ሥራውን ያስረከብኩት ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን ነው። የወሩ የዕቃ ሪፖርት ከአዲሱ ላፕቶፕ ታተመ። እትዬ አሮጌው ኮምፒውተር ያተመውን የነሐሴ ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ፣ ከአዲሱ ጋር ደራረቡት፣ ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው የቁጥሮቹ ዓምዶች ከላይ እስከ ታች መገጣጠማቸውን አዩ። ከዚያ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ዞረው «በል ይህን ንቀለው፤ ግን እንዳትጥለው» አሉኝ። ነቅዬ፣ ሃርድ ዲስኩን ሙሉ ለሙሉ በሁለት ቦታ ቀድቼ፣ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩት።